በቅጣት የመጣ ጎረቤት

ጎሕ ሳይቀድ የእድር ጥሩምባ ይነፋል። ለፋፊው ከመንደሩ ጫፍ እስከ ጫፍ እየተዘዋወረ የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ቦታና ሰዓት ይናገራል። ረፋዱ ላይ ድንኳን ይተከላል፤ አግዳሚ ወንበር ይደረደራል፤ ድስትና ብርጭቆ ከእድሩ ዕቃ ቤት ይወጣል። ከቀብር መልስ ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ የአባላቱን ስም በየተራ ይጠራል። «አቤት» ያለ ምልክት ይደረግለታል፤ ያልተገኘ በደንቡ መሠረት ይቀጣል። ቅጣቱ ብዙ አይደለም፤ ሆኖም ቅጣት ነው።

እንግዲህ በቁይ ከተማ የሚኖር አንድ ሰው አለ እንበል። በዚያ ቀን ሌላ ጉዳይ ነበረው። ሟቹንም በሕይወት ሳለ አይወደውም ነበር፤ በአጥር ምክንያት ተጋጭተው ከዓመት በላይ ተኰራርፈዋል። ይሁን እንጂ ቅጣቱን ፈርቶ መጣ፤ ከሬሳው ኋላ ተከተለ፤ ተራው ሲደርስ አካፋ ይዞ አፈር መለሰ፤ ስሙ ሲጠራ «አቤት» ብሎ ወደ ጉዳዩ ሄደ። ይህ ሰው ጎረቤት ነውን? ወይስ ገንዘቡን ላለመክፈል በእግሩ የከፈለ ባለዕዳ ብቻ ነው?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል እንጂ ሰዎች በአንድነት የሚኖሩበትን ማናቸውንም ማኅበር ከመሠረቱ የሚነካ ነው። ዘመድን ደም ይሰጠናል፤ ወዳጅን እኛው እንመርጣለን። ጎረቤትን ግን ብዙውን ጊዜ የምናገኘው ያለ ምርጫችን ነው። ቤት የተከራየንበት፣ ቦታ የተመራንበት ወይም አባቶቻችን ጎጆ የቀለሱበት አጋጣሚ ያመጣዋል። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው ምሳሌያችን ይህን ሰው ከዘመድ ያስበልጠዋል። ታዲያ ያልመረጥነውን ሰው ከዘመድ አስበልጠን እንድንይዝ የሚያስገድደን ምንድን ነው? ፍቅር ነው እንዳንል ገና አላወቅነውም። ሕግ ነው እንዳንል ደግሞ ሕግ አጥርን ይለካል እንጂ ልብን አይለካም።

መልሱን ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከጮቄ ተራሮች ሥር ባለው በደባይ ጥላትግን ወረዳ፣ እንዲሁም በሌላው የጎጃም ደጋ፣ ገበሬው ሁለት ዓይነት የመረዳጃ ልማድ አለው፤ ወንፈልና ደቦ። በወንፈል ጥቂት ጎረቤታሞች ተራ ገብተው አንዱ በሌላው ማሳ ይሠራሉ። ዛሬ ለእኔ አንድ ቀን ያረምክልኝ እንደሆነ ነገ እኔ ለአንተ አንድ ቀን አርማለሁ። ቀን በቀን፣ ጉልበት በጉልበት ይመለሳል። ደቦ ግን ሌላ ነው። ባለጉዳዩ እህል ሊያጭድ ወይም ቤት ሊከድን ሲነሣ መንደሩን ይጠራል፤ ጠላውንና ምግቡን ያሰናዳል፤ የተጠራው ሁሉ ይመጣል፤ በዘፈንና በፉከራ ሲሠራ ይውላል። ማን ስንት ቀን እንደሠራ የሚቈጥር የለም። ባሏ የሞተባት ሴት ወይም ጉልበቱ የደከመ ሽማግሌ ውለታውን በጉልበት ሊመልሱ እንደማይችሉ እየታወቀ መንደሩ ወጥቶ ያርስላቸዋል።

ወንፈል የሚቈጠር መረዳዳት ነው፤ ደቦ የማይቈጠር። ለላይኛው ተመልካች ደቦ የበለጠ ክቡር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ወንፈል የሌለው መንደር ደቦ ሊኖረው መቻሉ ያጠራጥራል። ሰው ለማይመልስለት ሰው ሳይቈጥር መስጠት የሚችለው አስቀድሞ ከሚመልስለት ጋር እየቈጠረ መተማመንን ስለተማመደ ነው። የአንድን ቀን አረም በታማኝነት ያልመለሰ ሰው በደቦ ቀን ቢዘፍን ማንም ዘፈኑን አያምነውም።

እድር በነዚህ በሁለቱ መካከል የቆመ ድርጅት ነው። ታሪኩን የመረመሩ ምሁራን አጀማመሩን በከተማ፣ በተለይም በአዲስ አበባ፣ በሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ አካባቢ ያደርጉታል። ከየአገሩ ወደ ከተማ የመጣ ሰው ሲሞት የሚቀብረው ዘመድ በአቅራቢያው ስለማይኖር፣ ባዕዳን የነበሩ ሰዎች በመዋጮ እርስ በርሳቸው ዘመድ መሆን ጀመሩ ማለት ይቻላል። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ መረጡ፤ ደንብ ጻፉ፤ ወርኃዊ መዋጮ ወሰኑ፤ ድንኳንና ዕቃ ገዙ። መዋጮው እንደ ወንፈል የሚቈጠር ነው። ለቅሶ ላይ መቀመጡ ግን በባሕርዩ እንደ ደቦ ነው፤ የሐዘን ሚዛን የለምና። እድር ያደረገው ደፋር ነገር ይህን የማይቈጠረውን ነገር በስም ጥሪ ሊቈጥረው መሞከሩ ነው። የጥያቄያችንም ቋጠሮ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ይህን ሙከራ የሚቃወም ክርክር አለ፤ ክርክሩም በቀላሉ የሚጣል አይደለም። የጀርመኑ ፈላስፋ አማኑኤል ካንት እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው የሥነ ምግባር መጽሐፉ ከግዴታ ጋር የሚስማማ ሥራና ከግዴታ የመነጨ ሥራ የተለያዩ መሆናቸውን ያስተምራል። ደንበኛ እንዳይሸሸው ብሎ ለሁሉም በእኩል ዋጋ የሚሸጥ ነጋዴ ሥራው ትክክል ነው፤ ነገር ግን በዚህ ሥራው የሥነ ምግባር ዋጋ አያገኝም። በዚህ ሚዛን ብንሄድ ቅጣት ፈርቶ የመጣው ሰውዬ ወደ ቀብሩ የመጣው እግሩ ብቻ ነው።

ከዚህም የሚከፋ አለ። ሁለት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች፣ ዩሪ ግኒዚና አልዶ ሩስቲኪኒ፣ በሐይፋ ከተማ በ10 የሕፃናት መዋያዎች ያደረጉትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ2000 አሳትመዋል። ልጆቻቸውን ለመውሰድ የሚዘገዩ ወላጆች ስለነበሩ በ6ቱ መዋያዎች በዘገየ ወላጅ ላይ አነስተኛ ቅጣት ተጣለ። የዘገዩት ወላጆች ቁጥር መቀነሱ ቀርቶ ጨመረ። ቀድሞ ሞግዚቷን ማስመሸት ያሳፍራቸው የነበሩ ሰዎች ቅጣቱን እንደ ዋጋ ቈጠሩት፤ ከፍለን እናመሻለን አሉ። ቅጣቱ ከተነሣ በኋላ እንኳ ሐፍረቱ አልተመለሰም። ስለዚህ ቅጣት በጎነትን አለማስተማሩ ብቻ ሳይሆን የነበረውንም በጎነት ሸጦ ሊያጠፋው ይችላል ማለት ነው።

ታዲያ የእድር ቅጣት ለምን ለቅሶን ወደ ገበያ አልለወጠውም? በእኔ አስተያየት ምክንያቱ የእድር ቅጣት ዋጋ እንዲሆን ያልተፈቀደለት መሆኑ ነው። ገንዘብ ያለው አንድ አባል «ቅጣቴን ልክፈልና ልቅር» ቢል ለአንድ ጊዜ ይከፍላል፤ ለሁለተኛ ጊዜም ይከፍላል። ደጋግሞ ከቀረ ግን ጉዳዩ ከገንዘብ ያዡ ወደ ጉባኤው ይዛወራል። ይመከራል፤ ይገሠጻል፤ በመጨረሻም ከመዝገብ ይሰረዛል። የተሰረዘ ሰው በገንዘቡ ብዛት ቀባሪ ሊገዛ አይችልም። ስሙ የሚጠራውም ጎረቤቶቹ ሁሉ በተሰበሰቡበት ነው። ለዚህም ነው ከቅጣቱ ይልቅ ሲጠራ «የለም» መባሉ የሚከብደው። በሐይፋ ቅጣቱ ሐፍረትን ተካ። በእድር ግን ቅጣቱ የሐፍረት ማስታወቂያ ሆኖ ቀረ።

ለካንትም መልስ የሚሆን ቃል ከእርሱ በፊት የነበረው አርስጣጣሊስ ተናግሯል። ሰው ጀግና የሚሆነው የጀግና ሥራ እየሠራ ነው፤ ፍትሐዊ የሚሆነውም የፍትሕን ሥራ እየሠራ ነው ይላል። በጎነት በልማድ የሚገኝ እንጂ አስቀድሞ በልብ ተሞልቶ ወደ እጅ የሚፈስ አይደለም። ቅጣት ፈርቶ የመጣው ሰውዬ አካፋውን ሲይዝ የሟቹን ልጅ አይቷል፤ የሚስቱን ለቅሶ ሰምቷል። በቤቱ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ያ የአጥር ጠብ በልቡ እንደ ነበረ ይቀመጥ ነበር። ደንቡ ልቡን አልለወጠውም፤ ነገር ግን ልብ ወደሚለወጥበት ስፍራ ወስዶ አቆመው።

ይህን ብለን ብቻ ብንተወው ግን አንድ አደገኛ በር ከፍተን እንሄዳለን። ማስገደድ እንዲህ የሚጠቅም ከሆነ ማንኛውም አስገዳጅ «ልባችሁ እስኪመጣ በግድ ሰብስቤያችኋለሁ» ሊል ነው። የአገራችን ታሪክ ይህን ልዩነት በብርቱ አስተምሮናል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ የከተማ ነዋሪዎችን ማኅበራት አቋቋመ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ፈቀደ፤ አነስተኛ ኪራይ የሚከፍለውን ነዋሪ ኪራይ ቀነሰ፤ ዝቅተኛ ኪራይ ያላቸውን ቤቶች የማስተዳደሩን ሥራ ለቀበሌ ሰጠ። በጭሰኝነት የኖረው የከተማ ደሃ ስለ ቤቱና ስለ ሰፈሩ ተሰብስቦ የመምከር መብት በሕግ ማግኘቱ ትልቅ ነገር ነበር።

ይሁን እንጂ ያው ቀበሌ ጥቂት ቆይቶ፣ በ1969ና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ፣ ጎረቤት ጎረቤቱን የሚጠቁምበት፣ የሚያስርበትና የሚያስገድልበት መሣሪያ ሆነ። ስም ጥሪው እንደ እድሩ ሁሉ ስም ጥሪ ነበር፤ ስብሰባውም ስብሰባ ነበር። ሆኖም ሰዎች የሚሰበሰቡት እርስ በርስ ለመፈራራት ነበር። በዚያ ዘመን የልጁን ሬሳ አንሥቶ ለማልቀስ ያልተፈቀደለት ወላጅ ነበረ። እንግዲህ አንዱ መዝገብ «ለቅሶ ለምን ቀረህ?» ሲል፣ ሌላው መዝገብ «ለምን አለቀስክ?» አለ ማለት ነው።

ልዩነቱ የት ላይ ነው? ደንቡን የጻፈው ማን ነው፣ ደንቡንስ ሊሽረው የሚችለው ማን ነው በሚለው ላይ ነው። የእድርን ደንብ የሚጽፉት የሚቀጡት ሰዎች ራሳቸው ናቸው፤ ዛሬ ቀጪ የሆነው ሰብሳቢ ነገ ቀርቶ ሲገኝ ይቀጣል፤ ያልሠራውንም ሊቀመንበር ጉባኤው ያወርደዋል። ስለ ጋራ ሀብት አያያዝ ባደረገችው ምርምር እ.ኤ.አ. በ2009 የኖቤል ሽልማት ያገኘችው አሜሪካዊት ኤሊኖር ኦስትሮም ከስዊዘርላንድ የተራራ ግጦሽ እስከ ስፔን የመስኖ ቦዮች ያሉትን ረጅም ዕድሜ ያላቸው ማኅበራት መርምራ የደረሰችበት ድምዳሜ ከዚህ ጋር የሚገጥም ነው። ደንቡን የሚከተሉት ሰዎች በአወጣጡ ይሳተፋሉ፤ ጠባቂዎቹ ከራሳቸው መካከል ይመረጣሉ፤ ቅጣቱም ከትንሽ ጀምሮ በደረጃ ይከብዳል። በእኛም አገር በመንዝ የጓሳ ሣር በቄሮ ሥርዓት ለብዙ ትውልድ የተጠበቀው እንዲሁ ነበር። ሜዳው ለዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ በስምምነት ይከፈታል፤ ጥሶ የገባ ይቀጣል። የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ነባሩን የመሬት ሥሪት ሲሽር ይህም ጥበቃ አብሮ ፈረሰ።

ሌላም መታለል አለ፤ እርሱም የጭንቅ ቀን አንድነትን ከዘወትር አንድነት ጋር ማምታታት ነው። የጎጃም ሕዝብ አንድ ሆኖ መነሣትን ያውቅበታል። በ1960 ዓ.ም. አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር በመቃወም በሞጣ፣ በቢቸናና በደጋ ዳሞት ገበሬው ተነሥቶ እምቢ ሲል፣ መንግሥት ጦር ቢልክም ግብሩን እንዳሰበው ሊሰበስብ አልቻለም፤ የጠቅላይ ግዛቱ እንደራሴ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴም ከሥልጣናቸው ተነሥተዋል። ከዚያ በፊት በ1958 ዓ.ም. የታተመው የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በፊታውራሪ መሸሻ ላይ የሚነሡትን ገበሬዎች ሲስል ይህንኑ የአንድነት ኃይል አስቀድሞ አሳይቶ ነበር። ኪነ ጥበባችን እንዲህ ያለውን የመነሣት ቀን ደጋግሞ አክብሮታል፤ ማክበሩም ተገቢ ነው።

ነገር ግን ከተነሡ በኋላ ያለው ማግስት ማን ይጻፈው? በጠላት ላይ መተባበር ከባድ ቢሆንም ምክንያቱ ግልጽ ነው። የክረምት ውኃ መውረጃ ቦይን በየሳምንቱ መጥረግ ግን ጠላት የለውም፤ ዘፈንም የለውም። በአንዲት የደጋ ከተማ ዝናብ ሲበረታ እያንዳንዱ ሰው በደጁ ያለውን ደለል ወደ ታችኛው ጎረቤቱ ደጅ ይገፋል እንበል። ሁሉም ደጁን ጠርጓል፤ ቦዩ ግን ተደፍኗል፤ ውኃውም የመጨረሻውን ቤት ይገባበታል። አርስጣጣሊስ የብዙዎች የጋራ የሆነ ነገር ከሁሉ ያነሰ ጥንቃቄ ያገኛል ያለው ይህን ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን። አንበሳውን ማሰሩ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ድሩን ሳይበጠስ ማቆየት ግን የዘወትር ነው።

ይህ ጉዳይ በዘመናችን አዲስ መልክ የያዘው በጋራ ሕንፃዎች ነው። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 በ1995 ዓ.ም. ወጣ፤ በአዲስ አበባ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በገርጂ የተሞከረው የቤት ልማትም እየሰፋ ሄዶ እንደ ጀሞና ጎፋ ያሉ ሰፈሮችን ፈጠረ። ባለቤቱ ከቤቱ ጋር የደረጃው፣ የጣሪያው፣ የግቢው ባለድርሻ ነው፤ ድርሻውንም ከቤቱ ለይቶ ሊሸጠው አይችልም። የቤት ባለቤቶቹ ማኅበር ጉባኤና ቦርድ አለው፤ ለጋራ ወጪ መዋጮ ይሰበስባል። እንደ ሕግ ሲታይ የተሟላ ነው። ነዋሪዎቹን ግን አንድ ያደረጋቸው ዕጣ ነው፤ ከአራዳ የተነሣው ከቃሊቲ ከመጣው ጋር በአንድ ደረጃ ይወጣል፤ ስሙን ግን አያውቀውም። የጋራ ሕንፃው ሲታቀድ በግቢው ውስጥ በግ የሚታረድበት፣ እንጀራ የሚጋገርበትና ልብስ የሚታጠብበት የጋራ ቤት መሠራቱ አስተዋይነት ነበር። ሰው በአልጋ ክፍሉ ብቻ እንደማይኖር የተረዳ ሰው ያሰበው ነው።

የማኅበሩ ኑሮ የሚፈተነው ግን የደረጃው መብራት ሲቃጠልና አሳንሰር በሌለው ሕንፃ ከአራተኛ ፎቅ ሬሳ ሲወርድ ነው። አምፖሉን ለመተካት የሦስተኛ ፎቁ ሰው የአንደኛውን ይጠብቃል፤ የአንደኛው «እኔ ደረጃ አልወጣም» ይላል። ሬሳው ሲወርድ ግን ትከሻ የሚያበድሩት ያልተጠሩት ናቸው። በዚያም ቀን ማግስት ሰዎቹ ሕግ ሳያዛቸው እድር ይመሠርታሉ። ሕጉ የሰጣቸው ማኅበር ስለ ሕንፃው ነበር፤ ራሳቸው የመሠረቱት ግን ስለ ነዋሪው ነው። ሁለቱ የተገናኙበት ግቢ ይጸዳል፤ ያልተገናኙበት ግን ደብዳቤ የሚጽፍ ቦርድ ብቻ ይኖረዋል።

እዚህ ላይ እኛ በእድርም በጋራ ሕንፃም የምንሸሸው አንድ ጥያቄ አለ፤ ተከራዩስ? የሕንፃው ማኅበር የባለቤቶች ማኅበር ስለሆነ በሕንፃው ውስጥ ለዓመታት የኖረ ተከራይ በጉባኤው ድምፅ የለውም። ደረጃውን ይጠርጋል፤ ስለ ደረጃው ግን አይመክርም። እድርም ከዚህ ነቀፌታ ነፃ አይደለም። የቆየ እድር ንብረቱ በበዛ ቁጥር የመግቢያ ክፍያው ከፍ ይላል፤ «እኛ ለዓመታት ያዋጣነውን ድንኳን ትናንት የመጣ በነፃ አይገባበትም» የሚለው ክርክር ተገቢ ይመስላል። ነገር ግን ወደ ቁይ በዝውውር የመጣ ወጣት መምህር፣ ወይም ከገጠር መጥታ ጠላ እየሸጠች በኪራይ ቤት የምትኖር ሴት፣ ያን ክፍያ ባይችሉ ማን ይቀብራቸዋል? እድር የተፈጠረው ዘመድ ለሌለው መጤ አልነበረምን? መጤዎች የመሠረቱት ማኅበር በጊዜው መጤን የሚከለክል አጥር ከሆነ፣ መዝገቡ ቢሟላም ነፍሱ ወጥታለች።

ስለዚህ ማኅበር የሚመራ ሰው፣ የቀበሌ ሹም ይሁን የእድር ሰብሳቢ ወይም የሕንፃ ቦርድ አባል፣ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ሊይዝ ይገባዋል። የሚቈጠረውን በትክክል ይቍጠር፤ ሒሳቡ ለሁሉም የተገለጠ ይሁን፤ ቅጣቱ ትንሽና ለሀብታምም ለደሃም እኩል የሚፈጸም ይሁን፤ ሹመቱ ይዙር፤ መግቢያው ለድኻ በየወሩ የሚከፈል ይሁን። የማይቈጠረውን ግን አይንካው። ሰው በወዶ ዘማችነት ቦይ ሲጠርግ ቢያይ መዝገብ ይዞ አይምጣ። በጎነትን ሁሉ ወደ ደንብ የሚለውጥ መሪ በመጨረሻ ደንብ ያልጠቀሰውን ምንም የማያደርግ ሕዝብ ያገኛል። ለመምህሩና ለከያኒውም የሚቀር ሥራ አለ፤ የፉከራውን ቀን ብቻ ሳይሆን የቦይ ጠረጋውንም ቀን ማየትና ማሳየት ነው።

ወደዚያ ሰው እንመለስ። በቅጣት የመጣው ጎረቤት በዚያች ሰዓት ጎረቤት መሆኑን አላስመሰከረም። እድሩም ከእርሱ ያገኘው ያዘዘውን ያህል ብቻ ነው። ነገር ግን ሠልስቱ ካለፈ፣ ድንኳኑ ከተነቀለ፣ መዝገቡም ተዘግቶ ወደ ጸሐፊው ቤት ከተመለሰ በኋላ በሟቹ ቤት ምሽት ይመጣል። ልጆቹ ዝም ብለው ተቀምጠዋል፤ ስም የሚጠራ የለም፤ ቢቀሩ የሚቀጣ የለም። በሩ ቢንኳኳና የአጥሩ ጠበኛ በእጁ የቡና ቁርስ ይዞ ቢገባ፣ ያን ጊዜ ቅጣቱ ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው። ባይገባም እድሩ አይወቀስም፤ እርሱ ግን በሚቀጥለው ጥሩምባ እንደገና ይጠራል።